ማርስ ላይ ማን ያዋልዳል? በጠፈር ሰፈራ ስለ እርግዝናና እናትነት

የፊዚክስ መምህርት (ሐዋሳ) — ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡20

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ አባላት። በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዓርብ ዓርብ የሚሰበሰብ የሥነ ፈለክ ክበብ አለን። ባለፈው ሳምንት ስለ ማርስ ሰፈራ ስንወያይ ልጆቹ ስለ ሮኬቱ፣ ስለ ኦክስጅኑና እዚያ ስለሚተከለው ድንች ብዙ ከተናገሩ በኋላ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ «ሰፈራ ከሆነ ልጅ ይወለዳል ማለት ነው፤ ታዲያ እዚያ ማን ያዋልዳል?» ብላ ጠየቀችኝ። በጊዜው የሚረባ መልስ አልሰጠኋትም። ከዚያ ወዲህ ሳነብ ሰንብቼ ያገኘሁትን እዚህ አሰፍራለሁ፤ ሙያው ያላችሁ አርሙኝ፣ የጎደለውንም ሙሉልኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እስከ ዛሬ ከፅንሰት እስከ ልደት ያለውን ጊዜ በሙሉ በጠፈር ያሳለፈ አንድም አጥቢ እንስሳ የለም። ሶቪየት ኅብረት በ1979 ኮስሞስ 1129 በተባለችው ሳተላይት ወንድና ሴት አይጦችን አብራ ልካ ነበር፤ ግልገል ግን አልተወለደም። በ1983 ኮስሞስ 1514 አስቀድመው ያረገዙ አይጦችን ለአምስት ቀን ያህል ይዛ ወጥታ ተመለሰች፤ እነዚያ መሬት ላይ ወለዱ። ናሳም በ1994 በአትላንቲስ መንኮራኩር ነፍሰ ጡር አይጦችን ለ11 ቀን ልኮ ከተመለሱ በኋላ ምጣቸውን ተከታትሏል። በደኅና ተገላገሉ፤ ነገር ግን በምጥ ጊዜ የታየባቸው ቁርጠት መሬት ላይ ከቀሩት ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ያህል ነበር። በዚያው ዓመት መዳካ የሚባሉ ትናንሽ የጃፓን ዓሦች በኮሎምቢያ መንኮራኩር ውስጥ ተራብተው እንቁላል ጣሉ፤ ጫጩቶቹም እዚያው ተፈለፈሉ። የጃፓኑ ተመራማሪ ቴሩሂኮ ዋካያማና ባልደረቦቹ ደግሞ በቅዝቃዜ የደረቀ የአይጥ ዘር በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ እስከ 5 ዓመት ከ10 ወር አቆይተው ከዚያ ዘር ጤናማ ግልገሎች መሬት ላይ አስወልደዋል። በ2023 ባሳተሙት ሥራም ባለ ሁለት ሕዋስ የአይጥ ፅንሶች በጣቢያው ውስጥ ለአራት ቀን አድገው ከማህፀን ግድግዳ ጋር ለመጣበቅ እስከሚዘጋጁበት ደረጃ መድረሳቸውን አሳይተዋል።

ስለዚህ የፅንሰቱ የመጀመሪያ ቀናት በጠፈር እንደሚቻሉ ታይቷል፤ የተወሰነውን ጊዜ በጠፈር አሳልፎ መሬት ላይ መውለድም ታይቷል። በመካከል ያለው ረጅሙ ጊዜ ግን ባዶ ነው። ከዚህም በላይ ሙከራዎቹ የተደረጉት ክብደት በሌለበት ነው፤ ማርስ ግን የምድርን ስበት 38 በመቶ፣ ጨረቃም አንድ ስድስተኛውን አላት። ያ መጠን ለማህፀንና ለፅንስ ይበቃል ወይ? ዋናው ጥያቄዬ ይህ ነው።

አዋላጅ ነርስ (ጎንደር) — ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7፡05

እህቴ መምህርት፣ ተማሪሽ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቃለች። 19 ዓመት ያዋለድሁ ሰው ነኝና ከሥራዬ ልነሳ።

አብዛኛው ልደት በሰላም ያልፋል፤ ብዙ ሰው ስለ ጠፈር ሲያስብ የሚያስበውም ይህንኑ ነው። እኛን የሚያስጨንቀን ግን በሰላም የማያልፈው ነው፤ የትኛው እንደሆነ ደግሞ አስቀድሞ አይታወቅም። እርግዝናው ሲያበቃ ወደ ማህፀን በየደቂቃው ከ500 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ደም ይፈስሳል። የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ማህፀን ካልተኮማተረ ጤነኛ የነበረች እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ማህፀንን የሚያኮማትረው መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲን፣ ያስፈልጋል፤ እሱም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ደም ያስፈልጋል፤ የተቀዳ ቀይ የደም ሕዋስ የሚቀመጠው ለ42 ቀን ነው፣ ወደ ማርስ ለመነሳት የሚመቸው ጊዜ ደግሞ በ26 ወር አንዴ ነው የሚመጣው። እንግዲህ የሰፋሪዎቹ ክንድ ራሱ የደም ባንክ ይሆናል፤ ሁሉም የደም ዓይነታቸው ተመዝግቦ፣ ሌሊት ሲጠሩ ለመስጠት ተዘጋጅተው መኖር አለባቸው።

ሕፃኑም እንዲሁ ነው። ሲወለድ ካልተነፈሰ በመጀመሪያዋ ደቂቃ፣ ወርቃማዋ ደቂቃ በምንላት ውስጥ፣ በእጅ በሚጨመቅ የአየር ከረጢት (አምቡ ባግ) ትንፋሽ መስጠት መጀመር አለብን። ከማርስ ወደ ምድር አንድ ቃል ለመድረስ እንደ ፕላኔቶቹ አቀማመጥ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል፤ መልሱም ያንኑ ያህል። ሐኪም በስልክ አማክሮ ማዋለድ እዚያ የለም።

በሙያችን «ሦስቱ መዘግየቶች» የምንለው አለ፦ ለመወሰን መዘግየት፣ ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱም በኋላ አገልግሎት ለማግኘት መዘግየት። ለሁለተኛው በአገራችን የተገኘው መፍትሔ የእናቶች ማቆያ ነው፤ በጉራጌ የአጣጥ ሆስፒታል ከ1976 ጀምሮ ቤታቸው ሩቅ የሆነ እናቶችን ቀናቸው ሲቃረብ በግቢው እያቆየ ያዋልዳል። ለማርስ ሰፋሪ እናት ማቆያው የት ሊሠራላት ነው? ምጧ ከመምጣቱ ከስምንት ወር በፊት ጉዞ ካልጀመረች በቀር ወደ ምድር አትደርስም፤ ጉዞው ራሱ ደግሞ ለነፍሰ ጡር የተፈቀደ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ደም ለሚፈስሳት እናት ከእግሯ እስከ ሆዷ የምናለብሳት ጸረ-ሾክ ልብስ የተገኘው ናሳ በካሊፎርኒያው ኤምስ ማዕከሉ ከሠራው የግፊት ልብስ ነው። በእኛም አገር ሆስፒታሎች ሥራ ላይ ውሏል። ልብሱ እናቲቱን የሚያቆያት ወደ ተሻለ ሕክምና እስክትደርስ ነው እንጂ አያድናትም። እሷን ተሸክሞ የሚሄድ መኪና ከሌለ ልብሱ ብቻውን ምን ያደርጋል?

ወልደ ሰማይ (መሐንዲስ፣ ሙኒክ) — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡40

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እኔ የሰፈራው ደጋፊ ነኝና ሌላውን ወገን ልናገር።

አንደኛ፣ ፅንሱ በሽርት ውሃ ውስጥ ተንሳፍፎ የሚኖር ስለሆነ ከእናቱ ይልቅ እሱ ለክብደት አልባነት የተዘጋጀ ይመስለኛል። ሁለተኛ፣ የሰው ልጅ በማይታሰብ ቦታ ወልዶ ያውቃል። በአርጀንቲናው የኤስፔራንሳ ጣቢያ በጥር 1978 ኤሚልዮ ፓልማ በአንታርክቲካ የተወለደ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ከእርሱ በኋላ በአርጀንቲናና በቺሊ ጣቢያዎች ሌሎች አሥር ሕፃናት ተወልደዋል። ሦስተኛ፣ ስበቱ ካነሰ በሽክርክሪት መጨመር ይቻላል። በደቂቃ ሁለት ጊዜ የሚዞር መኖሪያ 224 ሜትር ገደማ ራዲየስ ቢኖረው ሙሉውን የምድር ክብደት ይሰጣል። የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲና ካጂማ የተባለው የግንባታ ድርጅት በ2022 ለጨረቃና ለማርስ የሚሆን እንደ ዋንጫ ያለ ተሽከርካሪ መኖሪያ ንድፍ ይፋ ሲያደርጉ፣ ካነሷቸው ምክንያቶች አንዱ ልጆች በዝቅተኛ ስበት በደኅና መወለዳቸውና ማደጋቸው ያልተረጋገጠ መሆኑ ነው። ነፍሰ ጡሯም አራሷም ልጇም እዚያ ይኑሩ፤ ሌላው በሜዳው ይሥራ። ከባድ ግንባታ ነው፤ ግን የማይቻል ስሌት የለበትም።

የሕፃናት ሐኪም (ሲልቨር ስፕሪንግ) — እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ወንድሜ ወልደ ሰማይ፣ የሽርት ውሃው ነገር ብዙ ሰው የሚያነሳው ስለሆነ ጠለቅ ብለን ብናየው ይሻላል።

ውሃው የፅንሱን አካል ከውጭ ይደግፈዋል እንጂ ስበትን አያጠፋም። በውስጠኛው ጆሮ ጥቃቅን የካልሲየም ጠጠሮች አሉ፤ እነርሱ ፅንሱ ቢንሳፈፍም ወደ ታች ይሳባሉ፣ የሚዛን ነርቮቹም ሽቅቡንና ቁልቁሉን የሚማሩት ከዚህ ነው። ተመራማሪዎቹ ኤፕሪል ሮንካና ጄፍሪ አልበርትስ ከጠፈር በተመለሱ ነፍሰ ጡር አይጦች ግልገሎች ላይ ያዩት ይህንኑ ነው፤ ግልገሎቹ ለመዞር የሚሰጡት ምላሽ ደኅና ሆኖ ሳለ ለስበት የሚሰጡት ምላሽ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደካማ ነበር፣ ውሃ ውስጥ በጀርባቸው ሲለቀቁም ቶሎ አይገለበጡም ነበር። በጥቂት ቀናት አገገሙ፤ ያገገሙት ግን መሬት ላይ ስለነበሩ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ ፅንሱ የሚንሳፈፍበት ስፍራ የለውም፤ ተጣጥፎ፣ የማህፀኑን ግድግዳ እየረገጠ ነው አጥንቱን የሚያጠነክረው። ከ25 እስከ 30 ግራም የሚሆነውን ካልሲየም አብዛኛውን በዚያ ጊዜ ከእናቱ ይወስዳል። ክብደት በሌለበት የሚኖር ጠፈርተኛ ከዳሌና ከጀርባ አጥንቱ በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ እንደሚያጣ እናውቃለን። አጥንቷ እየሳሳ ያለች ሴት ለልጇም አጥንት ስትሰጥ ሁለቱ ጉድለቶች በአንድ አካል ላይ ይደራረባሉ።

የኔ ዋና ጭንቀት ግን ከልደት በኋላ ነው። በ1998 ኮሎምቢያ መንኮራኩር ለ16 ቀን ኒውሮላብ የተባለውን ቤተ ሙከራ ይዛ ስትወጣ ጡት የሚጠቡ የአይጥ ግልገሎችም ነበሩ። ብዙዎቹ እዚያው ሞቱ፤ ታናናሾቹን እናቶቻቸው በወጉ ሊያጠቡና ሊንከባከቡ አልቻሉም፣ ተንሳፍፎ የሚሸሽ ግልገል ሰብስቦ ማቀፍ አይቻልምና። በሕይወት ከተመለሱት መካከል መራመድን በሚለማመዱበት ዕድሜ ጠፈር ላይ የነበሩት ከጀርባቸው ሲገለበጡ የሚጠቀሙት ስልት ከሌሎቹ የተለየ ሆኖ ለወራት ቆይቷል። አካል የሚማርበት ወቅት አለው፤ ወቅቱ ካለፈ ትምህርቱ ይቀየራል ማለት ነው።

አሁን ይህን ወደ ቤታችን አምጡት። ሕፃኑ ጠብቶ ሲጨርስ ትከሻችን ላይ አድርገን ጀርባውን መታ መታ እያደረግን እናስገሳዋለን። ይህ የሚሠራው ወተቱ ወደ ታች ሲሰፍር አየሩ ወደ ላይ ስለሚወጣ ነው፤ ክብደት በሌለበት አየርና ወተት በሆድ ውስጥ አይለያዩም፣ ጠፈርተኞችም ግሳታቸው ከፈሳሽ ጋር እንደሚመጣባቸው ይናገራሉ። ከዚያ አንገቱን ማቅናት፣ መቀመጥ፣ መዳህ፣ በመጨረሻም «ወፌ ቆመች» የምንልለት ቀን ይመጣል። እያንዳንዱ እርምጃ ጡንቻና አጥንት ከክብደት ጋር የሚታገሉበት ነው። በማርስ ላይ ልጁ ይቆማል፣ ምናልባትም ቀድሞ ይቆማል፤ ነገር ግን የሚቆምበት አጥንት የተሠራው ለ38 በመቶ ክብደት ነው። የአያቱን አገር ለማየት ወደ ምድር ቢመጣ ከለመደው ክብደት ሁለት ተኩል እጥፍ የሚበልጥ ይሸከማል። የጃፓን ተመራማሪዎች በጣቢያው ውስጥ በጨረቃ ስበት ልክ በማሽን እያሽከረከሩ ያቆዩአቸው አይጦች የጡንቻ መጠናቸው ባይቀንስም የጡንቻ ቃጫቸው ዓይነት ተለውጧል። ጎልማሳ አይጥ እንዲህ ከሆነ፣ ገና እየተሠራ ላለ አካል እኔ ዋስ አልሆንም።

ጨረር ለኪ (የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ) — እሑድ፣ ከቀኑ 9፡30

ስበቱን በሽክርክሪት ፈታችሁት እንበል፤ ጨረሩ ይቀራል።

ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው ሮቦት በማርስ ገጽ ላይ የለካችው ጨረር በቀን 0.64 ሚሊሲቨርት (አካል የሚቀበለው ጨረር የሚለካበት መስፈሪያ) ያህል ነው፤ በጉዞ ላይ ሳለች የለካችው ደግሞ 1.8 ገደማ ነበር። 280 ቀን በገጹ ላይ የምትኖር ነፍሰ ጡር 180 ሚሊሲቨርት ያህል ትቀበላለች። በጨረር አካባቢ የምትሠራ ሴት ማርገዟን ካሳወቀች በኋላ ለፅንሱ የሚመከረው ዓለም አቀፍ ጣሪያ 1 ሚሊሲቨርት ነው፤ በአሜሪካ ለእርግዝናው በሙሉ 5 ነው። እኔ ራሴ በምሠራበት የራጅ ክፍል ባልደረባችን ስታረግዝ ሁለተኛ የጨረር መለኪያ በሆዷ ላይ እናደርግላታለን፤ ለ1 ሚሊሲቨርት ይህን ያህል ስንጠነቀቅ በ180 ላይ ዝም ማለት አይቻልም።

ሆኖም ሚዛናዊ ልሁን። ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ እንደተማርነው ለአእምሮ ጉዳት ፅንሱ ይበልጥ የሚጋለጠው ከፅንሰት በኋላ ከ8ኛው እስከ 15ኛው ሳምንት ነው፤ በማርስ ላይ በእነዚያ ሳምንታት የሚጠራቀመው 36 ሚሊሲቨርት ገደማ ሲሆን ቀስ ብሎ የሚመጣ እንጂ እንደ ቦምቡ በቅጽበት የሚወርድ አይደለም። ስለዚህ ልጁ ተጎድቶ ይወለዳል ብዬ አልፈርድም። የሚያሳስበኝ በኋላ ዕድሜ የሚመጣው ካንሰር፣ የጠፈር ጨረር ከባድ የብረት አቶሞችን ጭምር መያዙ፣ እንዲሁም የፀሐይ ማዕበል ነው። በነሐሴ 1972 በአፖሎ 16 እና በአፖሎ 17 ጉዞዎች መካከል የደረሰው ማዕበል ጨረቃ ላይ ሰው ቢያገኝ ኖሮ አደገኛ ነበር።

ደግሞም ይህን አስቡ። ሴት ልጅ የዕድሜ ልኳን የእንቁላል ሕዋሳት የምትሠራው በእናቷ ማህፀን ሳለች ነው፤ በ20ኛው ሳምንት ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ይደርሳሉ፣ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ይቀራሉ፣ ሌላ አይጨመርም። በአይጦች ላይ የተደረጉ የኡልሪኬ ሉደረር ጥናቶች የጠፈርን የሚመስሉ የብረት ቅንጣቶች ይህን ክምችት እንደሚያመናምኑ አሳይተዋል። ሴት ልጅ ያረገዘች ሰፋሪ ለጨረር ስትጋለጥ እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ጊዜ ተጋለጡ።

መከላከያው ብዙ ሜትር አፈር ነው። ስስ ከለላ ጨረሩ ሲመታው ሌሎች ቅንጣቶችን ስለሚረጭ አንዳንዴ ጉዳቱን ይጨምራል። እንግዲህ ነፍሰ ጡሯ ዘጠኝ ወር ከመሬት በታች ትኑር ማለታችን ነው፤ ተሽከርካሪ መኖሪያውም ከነሙሉ ስፋቱ አብሮ መቀበር አለበት።

የደጋ ልጅ (የፊዚዮሎጂ መምህር፣ ደብረ ብርሃን) — እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡15

ስለ አየሩ ጥቂት ልበል። ስፔናውያን በ1545 በዛሬይቱ ቦሊቪያ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ፖቶሲን ሲመሠርቱ የአገሬው ሴቶች እንደ ወትሮው ይወልዱ ነበር፤ የስፔናውያኑ ሕፃናት ግን አይበረክቱም ነበር። መነኩሴው ታሪክ ጸሐፊ አንቶንዮ ዴ ላ ካላንቻ እንደዘገበው እዚያ ተወልዶ በሕይወት የቀረ የመጀመሪያው የስፔናውያን ልጅ የታየው ከተማዋ ከተቆረቆረች ከ53 ዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያ እናቶቹ ለመውለድ ወደ ቆላው ይወርዱ ነበር። ጤነኛ ጎልማሳ በደኅና የሚሠራበት ቦታ ሁሉ ልጅ የሚያድግበት ቦታ አይደለም። በአንጻሩ ሲንቲያ ቢል በ2002 ባሳተመችው ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችን የደማቸው ሂሞግሎቢንና ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካሉ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ያለው መላመድ የሚገኘው በብዙ ሺህ ዓመታት ነው።

ነገር ግን በጠፈር መኖሪያ ኦክስጅኑ ያን ያህል አያሳስበኝም። ናሳ ለወደፊት ሰፈሮች ያሰበው አየር ግፊቱ ዝቅ ብሎ ኦክስጅኑ 34 በመቶ የሆነ ነው፤ ለሳንባ የሚሰማው ከአዲስ አበባ ከፍታ ያነሰ ነው። የሚያሳስበኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በጠፈር ጣቢያው ውስጥ ከደጅ አየር አሥር እጥፍ ያህል ይከማቻል። ነፍሰ ጡር ሴት ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን አብዝቶ ስለሚያስተነፍሳት በደሟ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ40 ወደ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይወርዳል፤ የፅንሱ ቆሻሻ አየር ወደ እርሷ የሚሻገረው በዚህ ልዩነት ነው። የምትስበው አየር ራሱ ሲበከል ልዩነቱን ለመጠበቅ ሌት ተቀን አብዝታ መተንፈስ ይኖርባታል። የአየር ማጣሪያው የተለካው ለጎልማሳ ጠፈርተኛ ነውና ለእርሷ እንደገና መለካት አለበት።

በገልፍ ስድስት ዓመት የሠራች — ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡50

ሳይንሱን ከናንተ ተምሬአለሁ፤ እኔ ሌላ ነገር ላንሳ። ለሥራ ወደ ገልፍ ስሄድ የጤና ምርመራው የእርግዝና ምርመራን ይጨምር ነበር፤ ያረገዘች አትሄድም። እዚያ ሆና ያረገዘች ደግሞ ውሏ ይፈርሳል። አብራኝ የነበረች ልጅ እስከ ሰባት ወሯ በሰፊ ልብስ ደብቃ ቆየች፤ ፓስፖርቷ በአሠሪዎቿ እጅ ነበር፣ የምትታይበት ክሊኒክም ያለ እነርሱ ፈቃድ አልነበረም። በመጨረሻ በአንድ ሌሊት ወደ አገሯ ላኳት። እኔም በዚያች ሌሊት ሻንጣዋን ያሰርሁላት ነኝ።

አሁን ያንን ቤት ወደ ማርስ አንሡት። አየሩ የድርጅቱ ነው፣ ውሃው የድርጅቱ ነው፣ በሩን የሚከፍተው ድርጅቱ ነው። መላኪያ አውሮፕላን እንኳን የለም። ያረገዘች ሴት «ሀብት አባካኝ» ብትባል ወዴት ትሄዳለች? ወይም በተቃራኒው ሰፈራው ሕዝብ ስለሚያስፈልገው «ውለጂ» ብትባል እምቢ የማለት መብቷን ማን ይጠብቅላታል? ወንድም ወልደ ሰማይ ያነሱትን የአንታርክቲካ ልጅ ታሪክ አነበብሁት፤ እናቱ ወደ ጣቢያው የተወሰደችው ሰባት ወር ሞልቷት ነው፣ አርጀንቲና መሬቱ የእኔ ነው ለማለት ነው። ሕፃኑ በደኅና መወለዱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ማህፀን የድንበር ምልክት የሆነበት ታሪክ ነውና እንደ መልካም ምሳሌ ብቻ አይቆጠር።

እናንተ «ነፍሰ ጡሯ ዘጠኝ ወር ከመሬት በታች ትኑር» ስትሉ እኔ የታየኝ ያ የተቆለፈ በር ነው።

ወልደ ሰማይ (መሐንዲስ፣ ሙኒክ) — ሰኞ፣ ከቀኑ 6፡30

እህቴ፣ የጻፉልን ነገር አሳስቦኛል፣ ምሳሌዬንም በዚያ ዓይን አይቼው አላውቅም ነበር። ስለ ሽርት ውሃው የሰጠሁትን ሐሳብም ዶክተሩ አርመውኛል፤ ተቀብያለሁ። ስለ ሰፈራው ግን ሐሳቤን አልቀየርሁም፤ የተቀየረው ቅደም ተከተሉ ነው። እስከ ዛሬ የምንነድፈው ለጎልማሳ ሠራተኛ የሚሆን ጣቢያ ነበር፤ እናትና ልጅ በኋላ የሚጨመሩበት አድርገን። ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ የመኖሪያውን ስፋት፣ ጥልቀት፣ የአየር ማጣሪያና የደም ማቀዝቀዣ ከመሠረቱ የሚቀይር ነው። ከመሠረቱ የማይገባ ከሆነ በኋላ አይገባም።

አዋላጅ ነርስ (ጎንደር) — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

ወንድሜ፣ እንዲህ ከሆነ አንድ ነገር ጨምርልኝ። በእርግዝና ጊዜ ደም የመርጋት ጠባዩ ይጨምራል፤ ተፈጥሮ ለወሊድ መድማት ስታዘጋጃት ነው። በ2019 በታተመ ጥናት ደግሞ ከተመረመሩ 11 የጠፈር ጣቢያ ነዋሪዎች በስድስቱ የአንገት ደም ሥር ውስጥ ደሙ ቆሞ ወይም ወደ ኋላ ሲመለስ ታይቷል፣ አንዱም የረጋ ደም ተገኝቶበታል። ለእርሱ የሚሆነው መድኃኒት በጣቢያው ስላልበቃ በጭነት መንኮራኩር ተጨምሮ ተልኳል። ለጤነኛ ጠፈርተኛ ይህ ከሆነ ለነፍሰ ጡርና ለአራስ እጥፍ ነው፤ አራስነት ደግሞ ደም የሚረጋበት ዋናው ጊዜ ነው።

ስለ አራስም ማንም አላነሳም። እኛ ዘንድ የወለደች ሴት ብቻዋን አትተውም፤ እናቷ ትመጣለች፣ ገንፎው ይገነፋል፣ ሕፃኑን ተቀብሎ የሚያቅፍ ሰው አይጠፋም። ሌሊት ስታለቅስ የሚሰማት አለ። በሃያ ሰው ሰፈር ውስጥ፣ ሁሉም ሥራ ላይ በሆነበት፣ እናቷ በ22 ደቂቃ ርቀት ባለችበት፣ ያችን ልጅ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብሎ የሚሸኛት፣ ከወለደችም በኋላ የሚያርሳት ማን ነው? ይህን እንደ ትንሽ ነገር አትዩት። ከወሊድ በኋላ በድብርት የወደቁ እናቶችን አይቻለሁ፤ ያነሳቸው ከመድኃኒቱ ጋር የሰው እጅ ነው።

የፊዚክስ መምህርት (ሐዋሳ) — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡25

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ከነገራችሁ ጋር ሳዛምድ አደርሁ። የመጀመሪያዋ ሴት ጠፈርተኛ ቫለንቲና ቴሬሽኮቫ በ1963 ጠፈር ደርሳ በ1964 ሴት ልጅ ወለደች፤ አና ፊሸር በ1984 የመጀመሪያዋ በጠፈር የበረረች እናት ስትሆን ሕፃን ልጇን መሬት ላይ ትታ ነው። እስከ ዛሬ በጠፈር እናትነት ማለት ልጅን ወደ ኋላ ትቶ መሄድ ነው። የሰፈራው ዕቅድ ይህን ሊገለብጥ ነው የሚያስበው፤ ሆኖም የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ 38 በመቶ ይበቃል ወይ የሚለውን፣ በአይጥ እንኳን አልጠየቅንም።

ዶክተር፣ ይህ ሙከራ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

የሕፃናት ሐኪም (ሲልቨር ስፕሪንግ) — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡40

አይጧ ሦስት ሳምንት ታረግዛለች፣ ሦስት ሳምንት ታጠባለች፣ ግልገሏ በሁለት ወር ገደማ ለመውለድ ይደርሳል። በማርስ ስበት ልክ የሚሽከረከር ቤት ቢኖር ሦስት ትውልድ በአንድ ዓመት ውስጥ ማየት ይቻላል። እኔ የሰው እርግዝና ከመታሰቡ በፊት ከአይጥ አልፎ ትልልቅ እንስሳት ላይም እንዲታይ እጠይቃለሁ፤ የመጀመሪያው እርምጃ ግን አንድ ዓመት ነው።

ወልደ ሰማይ (መሐንዲስ፣ ሙኒክ) — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ለዚህ የሚሆን ክፍል ተጀምሮ ነበር። ለዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በጃፓን ይሠራ የነበረው፣ 2.5 ሜትር ስፋት ያለው ማሽከርከሪያ የሚይዘው ክፍል ነው፤ እንስሳትን በተለያየ የስበት መጠን ለረጅም ጊዜ ለማቆየት የታሰበ ነበር። በ2005 ተሰረዘ። ቀፎው ዛሬ በጃፓን በጹኩባ የጠፈር ማዕከል ግቢ ውስጥ ደጅ ቆሟል።

የፊዚክስ መምህርት (ሐዋሳ) — ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡00

ፎቶውን አገኘሁት። ዓርብ ለክበቡ አሳያለሁ፤ ለጠየቀችኝም ልጅ አዋላጇ ገና እንዳልተዘጋጀች፣ ማቆያውም እንዳልተሠራ፣ የመጀመሪያው ሙከራም ሳይጀመር ደጅ እንደቀረ እነግራታለሁ። የ224 ሜትሩን ስሌት ራሳቸው እንዲሠሩት እሰጣቸዋለሁ፤ ቀጥሎም ራዲየሱ በግማሽ ቢቀንስ በደቂቃ ስንት ጊዜ መዞር እንዳለበትና በዚያ ፍጥነት አራስ ሴት ጭንቅላቷን ስታዞር ምን እንደሚሰማት። መልሳቸውን እዚሁ አመጣለሁ።